የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች የእንቅልፍ ሥርዓት፤ የድራይቨር ፕሮግራሞች ጉድለትና እርማት

መግቢያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና መራዊን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን እያቋረጠ ያልፋል። በጎዳናው ላይ የሚገኙት ከተሞች የኤሌክትሪክ መስመር ያላቸው ሲሆኑ፣ ከጎዳናው ወደ ገጠሩ በተገባ ቁጥር ግን የአያሌ ትምህርት ቤቶች የኃይል ምንጭ ወይ በጣሪያ ላይ የተተከለ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነው፣ ወይም ጨርሶ የለም። በከተሞቹም ቢሆን መብራት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት የዝናብ ወራት ደግሞ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ከፀሐይ የሚገኘው ኃይል ይቀንሳል።

እንዲህ ባለው አካባቢ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲታደል፣ የእቅድ ባለሙያዎች አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «ማሽኑ ስንት ዋት ይፈጃል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ «ማሽኑ በማይሠራበት ሰዓትስ ስንት ዋት ይፈጃል?» የሚለው ነው። አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር በሳምንት ውስጥ ከሚሠራባቸው ሰዓታት ይልቅ ተከድኖ የሚያድርባቸው ሰዓታት ይበልጣሉ። ማታ ባትሪው ሞልቶ የተቀመጠ ማሽን ጠዋት ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በባትሪው ላይ ነው። ባትሪው ይለወጣል፤ አዲሱም ባትሪ እንደ ቀድሞው ባዶ ሆኖ ያድራል፤ በመጨረሻም ማሽኑ «የተበላሸ» ተብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ በአያሌ አጋጣሚዎች በብረቱም በባትሪውም ሳይሆን፣ ድራይቨር በሚባሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለና ሊታረም የሚችል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉድለቱን ምንነት፣ የሚገኝበትንና የሚታረምበትን ዘዴ፣ እንዲሁም መምህራንና የእቅድ ባለሙያዎች በበኩላቸው ሊያደርጉ የሚገባቸውን ማብራራት ነው።

1. የድራይቨር ተግባር

ኮምፒዩተር አንድ ዕቃ መስሎ ቢታይም የብዙ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ስክሪኑ፣ የፊደል ገበታው፣ ገመድ አልባ መገናኛው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ካሜራውና የመረጃ ማከማቻው እያንዳንዳቸው በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የተሠሩና የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያስተባብረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው ዐቢይ ፕሮግራም ነው። ዐቢዩ ፕሮግራም የእያንዳንዱን መሣሪያ ዝርዝር ጠባይ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ለየመሣሪያው አንድ አንድ ድራይቨር ይመደባል። ድራይቨሩ ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ለመሣሪያው በሚገባው ቋንቋ ያስተላልፋል፤ ከመሣሪያው የሚመጣውንም ወደ ላይ ያደርሳል።

ድራይቨር ሦስት ተግባራት አሉት። አንደኛው መሣሪያውን ማሠራት፣ ሁለተኛው ማስተኛት፣ ሦስተኛው መቀስቀስ ነው። የመጀመሪያው ተግባር ጉድለት ካለበት ወዲያውኑ ይታያል፤ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም ድምፁ ይጠፋል። የማስተኛት ጉድለት ግን ሰው በሌለበት፣ በሌሊት የሚደርስ ስለሆነ ፋብሪካውም ገዥውም በቀላሉ አያገኙትም። የዚህ ዓይነት ጉድለት ለረጅም ጊዜ ሳይታረም የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለተማሪዎች ለማስረዳት በመራዊ አቅራቢያ ያለው የቆጋ መስኖ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ወደ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት እንዲያለማ የተዘጋጀው ይህ መስኖ ከግድቡ የሚነሣ ዋና ቦይ፣ ከዋናው የሚከፈሉ ቅርንጫፎችና በሌሊት የሚወርደውን ውኃ ይዘው የሚያቆዩ ኩሬዎች አሉት። በባህላዊው የመስኖ ሥርዓት የውኃውን ተራ የሚያስተዳድረው የውኃ አባት፣ በአንድ ቅርንጫፍ የሚጠቀሙት ገበሬዎች ሁሉ ጨርሰው ሳይነግሩት በሩን አይዘጋም፤ ሁሉም ከጨረሱ በኋላም ክፍት አድርጎ አያሳድረውም። አንድ በር በዝንጋታ ተከፍቶ ካደረ ጠዋት ውኃው የለም። በባትሪ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ ድራይቨሩ የየመሣሪያው የውኃ አባት ነው።

2. የእንቅልፍና የንቃት ሥርዓት

ኮምፒዩተር ተኛ ሲባል ፕሮሰሰሩና አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኃይል ተቋርጦባቸው፣ ሜሞሪው ብቻ የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኃይል እየተሰጠው ይቆያል ማለት ነው። ሲቀሰቀስ ተማሪው የጀመረውን ሥራ ካቆመበት ይቀጥላል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የኃይል አስተዳደር ደንብ መሠረት፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ የንቃት ደረጃ ከ0 እስከ 3 ባለው ቁጥር ይገለጻል። 0 ሙሉ ንቃት ሲሆን 3 ኃይሉ የተቋረጠበት ደረጃ ነው።

የመተኛቱ ሂደት ቅደም ተከተል አለው። መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንደ ልጅና ወላጅ የተያያዙ ናቸው። ለምሳሌ ገመድ አልባው መገናኛ በዩኤስቢ መስመር ላይ የተሰካ ከሆነ፣ የዩኤስቢው ተቆጣጣሪ ወላጅ፣ መገናኛው ልጅ ይሆናል። ሲተኙ ልጅ ይቀድማል፣ ወላጅ ይከተላል፤ ሲነቁ ደግሞ ወላጅ ቀድሞ፣ ልጅ ይከተላል። ወላጁ ቀድሞ ከተኛ ለልጁ «ተኛ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርስለት መንገድ ይዘጋል።

ከዚህ ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ነቅቶ እየሠራ ሳለ በዚያች ቅጽበት የማይፈለገው መሣሪያ ብቻ ተለይቶ የሚተኛበት ሥርዓት አለ። ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ይህ ሥርዓት ለሁሉም ድራይቨሮች በአንድ ወጥ ደንብ የተዘረጋው፣ ራፋኤል ቪሶትስኪ በተባለው ፖላንዳዊ ባለሙያ መሪነት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በወጣው 2.6.32 እትም ነው። መሠረቱ ቆጠራ ነው። መሣሪያውን የሚፈልግ ፕሮግራም ሲመጣ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል፤ ሲጨርስ በአንድ ይቀንሳል። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ መሣሪያው ይተኛል።

3. የጉድለቶቹ ዓይነቶች

በኃይል አጠባበቅ ረገድ በድራይቨሮች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታዩት ጉድለቶች በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው የቆጠራ መዛባት ነው። ቁጥሩ ጨምሮ ሳይቀንስ ከቀረ መሣሪያው ከቶ አይተኛም። ከሚገባው በላይ ከቀነሰ ደግሞ አንድ ፕሮግራም እየተጠቀመበት ሳለ ይተኛል።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል መፋለስ ነው፤ ከላይ በልጅና በወላጅ ምሳሌ እንደተገለጸው ነው።

ሦስተኛው የመርሳት ጉድለት ነው። ኃይል የተቋረጠበት መሣሪያ የነበረበትን ሁኔታ ይረሳል። ስለዚህ ድራይቨሩ ከማስተኛቱ በፊት ሁኔታውን መዝግቦ፣ ከቀሰቀሰው በኋላ ሊመልስለት ይገባል። አንዳንድ መገናኛዎች ሲነቁ የራሳቸውን ውስጣዊ ፕሮግራም እንደገና እንዲጫንላቸው ይጠይቃሉ። ፕሮግራሙ የሚገኘው ግን በመረጃ ማከማቻው ውስጥ ነው፤ ማከማቻውም ገና አልነቃ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ስክሪኑ ይበራል፣ ፊደል ገበታው ይሠራል፣ መገናኛው ግን የለም።

አራተኛው የሽሚያ ጉድለት ነው። ማሽኑ ለመተኛት በሚሰናዳባት ጥቂት ቅጽበት ውስጥ የመቀስቀሻ ጥሪ ከመጣ፣ ጥሪው ሳይሰማ ሊቀርና ማሽኑ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጉድለት አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንት የሚጠፋ በመሆኑ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው።

አምስተኛው ያለ ምክንያት መንቃት ነው። መሣሪያው ወይም አንድ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን በከንቱ እየቀሰቀሰ ዕረፍት ይነሣዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፓወርቶፕ የተባለ መመርመሪያ፣ ፕሮሰሰሩን በሰከንድ ስንት ጊዜ ማን እንደሚቀሰቅሰው በዝርዝር ለማሳየት በመቻሉ፣ ቀድሞ ያልተጠረጠሩ አያሌ ፕሮግራሞችን አጋልጧል።

4. በኢትዮጵያ የታየው ተሞክሮ

የእንቅልፍ ሥርዓት ለትምህርት ቤት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሚያሳየው፣ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚል መርሕ የተዘጋጀው ኤክስኦ የተባለው ኮምፒዩተር ነው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2005 ለዓለም ካስታወቀ በኋላ፣ ማሽኑ በብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ነበር። ወደ ኢትዮጵያም በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች መጥተው፣ በአዲስ አበባና ከከተማ ወጣ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ታድለዋል። የምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ያሉበት የኃይል ሁኔታ ይህ ማሽን ከታሰበለት ሁኔታ ጋር የሚመሳሰል በመሆኑ፣ ከተሞክሮው የሚገኘው ትምህርት ለእነርሱም ይሠራል።

የኔዘርላንድሱ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት፣ ላፕቶፑን የተጠቀሙ ልጆች በረቂቅ አስተሳሰብ መመዘኛ ላፕቶፕ ካልነበራቸው ልጆች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ይህን የመሰለ ጥቅም ሊገኝ የሚችለው ግን ማሽኑ በክፍለ ጊዜው ሲከፈት የሚሠራ ከሆነ ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የኤክስኦ ንድፍ አውጪዎች ከመነሻው ያሰቡት፣ ማሽኑ ልጁ እያነበበ ሳለ እንኳ በፊደልና በፊደል መካከል እንዲተኛ ነበር። ለዚህም በሜሪ ሉ ጄፕሰን የተነደፈው ስክሪን የራሱ ተቆጣጣሪ ስለነበረው፣ ፕሮሰሰሩ ተኝቶ ሳለ ምስሉ በስክሪኑ ላይ ይቆያል። ገመድ አልባው መገናኛም የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰር ስለነበረው፣ ዋናው ተኝቶ ሳለ የጎረቤት ማሽኖችን መልእክት ተቀብሎ ወደ ሌላው ማሳለፍ ይችል ነበር። ይህ ለትምህርት የሚበጅ ንድፍ እንጂ ጉድለት አልነበረም፤ ይሁንና «የተኛ» ማሽን ኃይል ሊፈጅ እንደሚችልም ያስተምራል። ስለዚህ በእንቅልፍ ጊዜ የሚታየው ፍጆታ ሁሉ ስሕተት ነው ተብሎ ሊደመደም አይገባም፤ በንድፍ የተፈቀደውንና በስሕተት የሚፈስሰውን መለየት ያስፈልጋል።

በንድፉና በሥራው መካከል ግን ድራይቨሮቹ ነበሩ። የኤክስኦ መገናኛ በማሽኑ ውስጥ የተያያዘው በዩኤስቢ መስመር ነው። የዩኤስቢ ደንብ መሣሪያ ሲነቃ የተወሰነ ጊዜ እንዲጠበቅለት ስለሚያዝ፣ በዓይን ጥቅሻ ይነቃል የተባለው ማሽን መንቂያው ይዘገይ ነበር። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ሲተኛ ደግሞ በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች በጋራ የሚሠሩት ሥራ ይቋረጥ ነበር። በመሆኑም በኋላ በወጡት እትሞች፣ ራስ ገዙ የኃይል ቁጠባ ተጠቃሚው እንደ ፈቃዱ የሚከፍተውና የሚዘጋው እንዲሆን ተደረገ። የማሽኑ ሶፍትዌር ምንጩ ለሁሉም የተከፈተ ስለነበረ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ባለሙያዎች ድራይቨሮቹን እያዩ ለማሻሻል ችለዋል።

ከዚህ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ በየመንደሩ ሃያ ያህል ለሚሆኑ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጥቶ ነበር። የሙከራው ወሬ በዓለም የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ታብሌቶቹ የሚሠሩበት አንድሮይድ የተባለው ሥርዓት ከላፕቶፑ የተለየ ደንብ አለው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ መተኛት መደበኛው ነው፣ መንቃት የሚፈልግ ፕሮግራም ግን «አትተኛ» የሚል ማገጃ ያስቀምጣል። ማገጃውን አስቀምጦ ማንሣት የሚረሳ ፕሮግራም ካለ፣ ከላይ የተጠቀሰው የቆጠራ ጉድለት በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው።

5. ጉድለቱን የማግኘት ዘዴ

የመጀመሪያው እርምጃ መለካት ነው፤ ለዚህም የላቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ባትሪው በሚይዘው ኃይል ላይ ተመሥርቶ ማታና ጠዋት የሚታየውን መቶኛ መመዝገብ ይበቃል። ለስሌት ያህል 20 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ማሽን ከቀኑ 10 ሰዓት ተዘግቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተከፈተ እንበል። ያደረው 16 ሰዓት ነው። ከመቶ 100 የነበረው 80 ሆኖ ከተገኘ 4 ዋት-ሰዓት ፈጅቷል፤ ይህም ለ16 ሲካፈል 0.25 ዋት ይሆናል። ይህ ጤናማ እንቅልፍ ነው። ሌላው ማሽን ግን 1.5 ዋት እየፈጀ ቢያድር፣ ባትሪው ከ13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ማለትም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ያልቃል። ልዩነቱ ከአንድ ዋት ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም፣ አንደኛው ተማሪ የሚማርበት፣ ሁለተኛው የማይማርበት ማሽን ነው።

ሁለተኛው እርምጃ አንድ በአንድ መለየት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ገመድ አልባው መገናኛ ተዘግቶ፣ በሁለተኛው በዩኤስቢ የተሰካው ሁሉ ተነቅሎ፣ በሦስተኛው ካሜራውና ድምፁ ታግደው ይለካል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ አይገባም፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅምና። ፍጆታው የቀነሰበት ሌሊት የትኛውን ድራይቨር መጠርጠር እንደሚገባ ያመለክታል። እስከዚህ ያለውን ማንኛውም የሳይንስ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። በሊኑክስ ውስጥ የመተኛቱን ሂደት በየደረጃው አስቁሞ የሚመልስ መፈተኛ አለ። በመጀመሪያ ፕሮግራሞቹ ብቻ እንዲቆሙ፣ ቀጥሎ መሣሪያዎቹ እንዲተኙ፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሮቹ እንዲቆሙ ይደረጋል። ማሽኑ የወደቀበት ደረጃ ሲታወቅ የፍለጋው ሜዳ ይጠብባል።

ማሽኑ ሲነቃ ጨርሶ የሚደነዝዝ ከሆነስ? ስክሪኑ ገና ስላልነቃ የሚያሳየው ነገር የለም፤ ኃይሉ ተቋርጦ እንደገና ሲነሣም በሜሞሪ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ብልሃት የተሞላበት ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ኃይል ተቋርጦ እንደገና ሲነሣም መቁጠሩን የማያቆም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቀንና ሰዓት የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ድራይቨር በሚቀሰቀስበት ጊዜ የመለያ ቁጥሩ በሰዓቱ ላይ እንደ ቀንና ሰዓት ሆኖ ይጻፋል። ማሽኑ ከደነዘዘ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደገና ሲነሣ ሰዓቱ የሚያሳየው ቀን ፍጹም ሐሰት ነው፤ ይህ ሐሰተኛ ቀን ግን ሲተረጎም መጨረሻ ላይ ሲቀሰቀስ የነበረውን ድራይቨር ይናገራል። ሦስት ደቂቃ የተባለውም ሰዓቱ መቁጠሩን ስለማይተውና ከዚያ ካለፈ የተጻፈው ስለሚለወጥ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀድሞ በደህና ይተኛ የነበረ ማሽን አዲስ እትም ከተጫነበት በኋላ ይታወካል። በሁለቱ እትሞች መካከል 1,000 ለውጦች ቢኖሩ ሁሉንም መፈተሽ አያስፈልግም። መካከለኛው ተጭኖ ይፈተናል፤ ደህና ከሆነ ጉድለቱ ከእርሱ በኋላ፣ ካልሆነ በፊት ነው። በዚህ ዓይነት በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ ሲሄድ 2 ለራሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 1,024 ስለሚሆን፣ በ10 ፈተና ጥፋተኛው ለውጥ ይገኛል።

6. እርማቱ

ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ እርማቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ስሕተቱ ለምን እንደተፈጸመ መረዳት ነው። ለዚህ በቆጠራው ሥርዓት ላይ የደረሰው ታሪክ ጠቃሚ ምሳሌ ነው።

በሊኑክስ ውስጥ መሣሪያን የሚቀሰቅሰውና ቁጥሩን በአንድ የሚጨምረው ትእዛዝ አንድ ነበር። ይህ ትእዛዝ መሣሪያው ሳይነቃ ቢቀርና «አልተሳካም» የሚል መልስ ቢሰጥም ቁጥሩን ጨምሮ ይተወዋል። የድራይቨር ጸሐፊዎች ግን «ካልተሳካ ምንም አልተጨመረም» ብለው በማሰብ፣ የጨመረውን ሳይቀንሱ ሥራውን ያቋርጡ ነበር። በዚህም ምክንያት መሣሪያው አንድ ጊዜ ለመንቃት እምቢ ካለ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ዜሮ ስለማይደርስ ደግሞ አይተኛም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲመረመር ይኸው ስሕተት በአያሌ ድራይቨሮች ውስጥ ተደግሞ ተገኘ።

በመጀመሪያ የተደረገው እያንዳንዱን ድራይቨር ማረም ነበር። ይሁን እንጂ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ሲፈጽሙ፣ ጥፋቱ የሰዎቹ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ትእዛዙ ራሱ አንባቢውን የሚያሳስት ነበር። ስለዚህ በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው 5.10 እትም፣ ካልተሳካ የጨመረውን ራሱ የሚቀንስ አዲስ ትእዛዝ ተጨመረ። ፈተና አርሞ የሚያውቅ መምህር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የክፍሉ አብዛኛው ተማሪ አንድን ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲስት፣ ከተማሪው አስቀድሞ መታየት ያለበት የጥያቄው አወጣጥ ነው።

ከእርማቱ በኋላ የሚደረገው ፈተናም በቂ መሆን አለበት። ከ100 አንድ ጊዜ የሚደርስ የሽሚያ ጉድለት ያለበት ማሽን 10 ጊዜ ተኝቶ ቢነቃ፣ ጉድለቱ ሳይታይ የማለፉ ዕድል ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። 300 ጊዜ ቢደገም ግን ይህ ዕድል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለሆነም «ሞክሬው ሠርቷል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ መነገር አለበት።

7. ለትምህርት ቤቶችና ለእቅድ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ከላይ የተጠቀሰውን ስሌት በ50 ማሽኖች ላይ ብናሳድገው ጤናማዎቹ በአንድ ሌሊት 200 ዋት-ሰዓት ሲፈጁ፣ ጉድለት ያለባቸው የባትሪያቸውን ሁሉ፣ ማለትም 1,000 ዋት-ሰዓት ይጨርሳሉ። ልዩነቱ 800 ዋት-ሰዓት ነው። የፀሐይ ሰሌዳ በቀን ለ4 ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሉ እንደሚሠራ ቢቆጠር፣ ይህን ልዩነት ብቻ ለመሸፈን 200 ዋት የሚያመነጭ ተጨማሪ ሰሌዳ መግዛት ግድ ይሆናል። በጥቂት የፕሮግራም መስመሮች ሊድን የሚችለውን ኃይል በሰሌዳ ግዢ ማካካስ የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከዋናው መረብ ውጭ ባሉ የኃይል ምንጮች ለማዳረስ አቅዶ እንደነበር ሲታሰብ፣ ጉዳዩ በገጠር ትምህርት ቤት እቅድ ውስጥ ሊዘነጋ እንደማይገባው ይታያል።

በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

ሀ) በጨረታ ሰነድ ላይ ማሽኑ ሲሠራ የሚፈጀው ዋት ብቻ ሳይሆን፣ ተኝቶ ሲያድር የሚፈጀውም እንዲገለጽ መጠየቅ።

ለ) በርክክብ ጊዜ ከመጣው ዕቃ ጥቂት ማሽኖች በናሙናነት ተመርጠው ቢያንስ አንድ ሌሊት በእንቅልፍ እንዲያድሩና ደጋግመው ተኝተው እንዲነቁ በማድረግ መፈተን።

ሐ) የድራይቨሮቹ ምንጭ ክፍት የሆነ ወይም አቅራቢው ለተወሰኑ ዓመታት እርማት ለመላክ ግዴታ የገባበት ማሽን መምረጥ። ምንጩ የተዘጋና እርማት የማይላክለት ድራይቨር ጉድለቱ ቢታወቅም ሊታረም አይችልም።

መ) በየትምህርት ቤቱ ማሽኑ የተዘጋበትን ሰዓትና መቶኛ፣ የተከፈተበትን ሰዓትና መቶኛ፣ እንዲሁም የተጫነውን የሥርዓት እትም የሚይዝ መዝገብ ማዘጋጀት። ጥገና ሠራተኛው ከማንኛውም ነገር በፊት የሚፈልገው ይህን ነው።

ሠ) አዲስ እትም በሁሉም ማሽኖች ላይ ከመጫኑ በፊት በአንድ ወይም በሁለት ማሽን ላይ መሞከር።

ረ) ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ ማሽኖቹን ከማስተኛት ይልቅ ጨርሶ ማጥፋት። ማሽን ለመነሣት የሚወስደው ጊዜ ከክፍለ ጊዜው ላይ የሚቀነስ በመሆኑ ይህ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም፤ ይሁንና ባዶ ባትሪ ይዞ ከመጠበቅ ይሻላል።

ሰ) ባዶ ሆኖ ያደረ ማሽን በንብረት ማስወገጃ ዝርዝር ከመግባቱ በፊት፣ ከላይ በተገለጸው የአንድ በአንድ መለየት ዘዴ እንዲፈተሽ ማድረግ።

ማጠቃለያ

በድራይቨር ውስጥ ያለ የኃይል አጠባበቅ ጉድለት ድምፅ የለውም፤ ጭስም አያወጣም። የሚታወቀው ጠዋት ክፍል ሲገባ ነው። መምህሩ ያዘጋጀው ትምህርት በዚያ ቀን ሳይሰጥ ይቀራል፤ ይህ ሲደጋገም መምህሩ በማሽኑ ላይ ያለውን እምነት ያጣና ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይመለሳል። ማሽኑን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ከብልሽቱ ይልቅ ይህ የእምነት መጥፋት ነው።

መድኃኒቱ ግን ከትምህርት ቤት አቅም ውጭ የሆነ ምሥጢር አይደለም። ድራይቨሩን የሚያርመው ባለሙያ በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም በሌላ አገር ይኖር ይሆናል፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን በመራዊም ሆነ በቡሬ አንድ መምህር ማታና ጠዋት በጻፋቸው ሁለት ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹ ካልተጻፉ ጉድለቱ የባትሪ እየተባለ ይኖራል። ተጽፈው ለሚመለከተው ከተላኩ ግን፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተገኘው እርማት ያንኑ ማሽን ለሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይደርሳል።